የቅዳሜ ስዑር ቅርጫ

«እጃችሁን አንሡ! ሥጋውን ማንም እንዳይነካ!»

ውባንቺ ይህን ስትጮህ ሞተር ብስክሌቷን በቅጡ እንኳ አላቆመችም፤ ሞተሯ ለብቻዋ ተንገዳግዳ ሄዳ አጥሩ ላይ ተደገፈች። በአጎቷ በፈንታው ደጃፍ፣ ከወይራው ጥላ ሥር፣ የቀዩ በሬ ሥጋ በተነጠፈ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተቀምጧል። የጥድ አምባ ወንዶች የቅዳሜ ስዑሩን ቀጤማ በየራሳቸው ላይ እንዳሰሩ ከበውታል። ሳፋ የያዘ አለ፣ ዘንቢል የያዘ አለ። ቄስ ገብረ ሚካኤል የዕጣውን ምልክቶች፣ የአንዱን ቁልፍ፣ የሌላውን ስንጥር፣ በመዳፋቸው ይዘው በየመደቡ ላይ ሊጥሉ ጎንበስ ብለዋል።

«ኧረ በስመ አብ! ምን ጉድ መጣብን?» አለ አራጋው። በጥድ አምባ በሬ የሚጥለውም የሚያርደውም እሱ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ደም ነው።

«እጅህን አሳየኝ። ተቆርጠሃል?»

«እኔ? ቢላዋ አያያዝ ካንቺ ልማር እንዴ?»

«አራጋው፣ አሳየኝ አልኩህ!»

አገላብጦ አሳያት። ጭረት የለበትም። ውባንቺ ተመስገን ብላ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«የቀመሰ ሰው አለ? ጉበት፣ ጨጓራ፣ ምንም?»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ቀና አሉ። «በቅዳሜ ስዑር? ምን ነካሽ ልጄ? ግማሹ ሰው እኮ አክፍሏል፤ ከትናንት ጀምሮ ውኃም አልቀመሰ።»

ሌላ ቀን ቢሆን አራጁና አጋዦቹ ገና ቆዳው ተገፎ ሳያልቅ ጥሬ ጉበቱን ይቀምሱ ነበር፤ ወጉ ነው። ጾም የሚሳም ነገር ቢሆን ኖሮ ውባንቺ ጉንጩን አገላብጣ በሳመችው። ሁሉም አልቀመስንም እያለ ራሱን ነቀነቀ። ፈንታው ብቻ ወደ ጅረቱ ማዶ አየት አደረገ፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ውባንቺ ላሊበላ የከብት ሐኪም ናት፤ ወላጆቿ በሕፃንነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት ፈንታውና ሚስቱ የሺሃረግ ናቸው። ጠዋት የሺሃረግ ደውላ፣ «ቀዩ በሬ ውኃ ሊጠጣ ወርዶ ድንገት ወደቀ፤ ደግነቱ ነፍሱ ሳትወጣ አራጋው ደረሰበት። ለሌሊት ሥጋ አለ፣ እንዳትቀሪ» አለቻት። ውባንቺ ጆሮዋ ውስጥ የቀረችው «ድንገት» የምትለዋ ቃል ናት። በአፍንጫው ደም ወጥቶት ነበር ወይ ብላ ብትጠይቃት፣ «እህ፣ ትንሽ፤ ምነው?» አለች የሺሃረግ። አትንኩት ልትላት አፏን ስትከፍት ኔትወርኩ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ደጋግማ ሞከረች፤ የለም። መቼስ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ሰዓት ያውቅበታል። ሳጥኗን ከሞተሯ ኋላ አስራ የአሸተን ማርያምን ዳገት ተያያዘችው።

«ለበዓል ነይ ብትባይ ለጠብ ትመጪ?» አለ ፈንታው አሁን። ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ዝቅ ነው የሚያደርገው።

«ጋሼ፣ ይኼ አባ ሰንጋ ነው።»

ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። ዘንቢል የያዙት ሰዎች ሳያስቡት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አባ ሰንጋ የቆላ በሽታ ነው» አለ ፈንታው። «እዚህ ደጋ ላይ ምን ሊሠራ ይመጣል? በሬዬ ሆዱን ተነፍቶ ነው የወደቀው።»

«ተነፍቶ የወደቀ በሬ ደሙ ይረጋል። ይኸው ይዩት እስቲ።»

ደሙ ከወይራው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሟል። ጠዋት የፈሰሰ ደም ነው፤ አሁንም ግን እንደ ጠላ ቀጭን ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

አራጋው አንገቱን ደፋ። «እሱስ እውነቷን ነው አያ ፈንታው። ጣፊያውም ቢሆን አብጦ ጠቁሮ ነበር። እንዲህ ያለ ጣፊያ አይቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ በዓመት በዓል ክፉ አይወራም ብዬ ዋጥ አደረግኩት።»

«አንተም ተማርክልኝ ማለት ነው» አለው ፈንታው።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ወደ ውባንቺ ቀረቡ። «ልጄ፣ እኔ እዚሁ ቆሜ ነበር። ነፍሱ እያለች፣ በስመ አብ ተብሎ ነው የታረደው። በክት አይደለም።»

«በክት ነው አላልኩም አባ። አስተራረዱ ንጹሕ ነው። በሽታው ግን ከነነፍሱ ሥጋው ውስጥ አለ። ሌሊት ከቅዳሴ ወጥታችሁ ስትገድፉበት፣ የገደፈ ሁሉ ይታመማል። የሚሞትም ይኖራል።»

እንዲህ ነው እንግዲህ ችግሩ። ጥድ አምባ ውስጥ የሰው በሬ ድንገት ሲወድቅ ጎረቤቱ ሥጋውን ተከፋፍሎ ይወስዳል፤ በምትኩ ባለቤቱ በሬ የሚገዛበት ይዋጣለታል። ቅርጫው ለሆድ ብቻ አይደለም። መደቤን አልወስድም ያለ ሰው ጎረቤቱን በቁሙ ቀብሮታል ማለት ነው። ፈንታው በዕድሜው ሙሉ የስንቱን የወደቀ በሬ ሥጋ ተሸክሞ ሄዷል። ዛሬ ተራው የእሱ ሆኖ፣ በገዛ እጁ ያሳደጋት ልጅ መጥታ ሰዉን ባዶ ዘንቢል አስይዛ ልትሸኝበት ነው። ውባንቺ ይህን አሳምራ ታውቀዋለች።

«አምናም እንዲሁ ነበርሽ» አለ ፈንታው። «ክትባት ብለሽ መጥተሽ፣ ውስጡ ምንድን ነው ብልሽ፣ በሽታው ራሱ ነው፣ በሕይወት ያለ ነው አላልሽኝም? በሽታውን ከፍለን እንግዛ?»

አልዋሸም፤ ብላዋለች። እውነቱን በግማሽ ነግራው ሌላውን ግማሽ ሳትጨርስ፣ ፈንታው በሬዎቹን እየነዳ ወደ ገደሉ ወርዶ እስክትሄድ ድረስ እዚያው ተደብቆ ዋለ። ውባንቺም በራሷ ተናዳ ነበር የተመለሰችው። ለማስተርስ ዲግሪዋ ስለዚሁ ባክቴሪያ ያን ሁሉ ዓመት ደክማ፣ ለአጎቷ በሚገባ አማርኛ ማስረዳት አቃታት።

«ዛሬ ሌላውን ግማሽ ልንገርዎት» አለችው። «ይልቁንም ላሳይዎት። ካዩ በኋላ ሥጋውን አከፋፍላለሁ ካሉ፣ መንገድ ላይ እተኛለሁ እንጂ አልከለክልዎትም።»

«ኧረ ተይ! ይህቺ ልጅ ደግሞ ትተኛለች» አለ አራጋው፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ጓንቷን አጠለቀች፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። ከደሙ ጠብታ ወስዳ በመስታወት ላይ አሰሰችው፤ አደረቀችውና ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰማያዊ ቀለም አፈሰሰችበት። ቀለሙ ያረጀ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ሰሎሞን በየጊዜው «ይኼን ዝገት ጣይው» ይላታል፤ እሷ ግን መስኮት ላይ አስቀምጣ ሆን ብላ ታስረጀዋለች። ይህ ቀለም ሲያረጅ ነው የምትፈልገውን ነገር ለይቶ የሚያሳያት። ማይክሮስኮፑን በርጩማ ላይ አቆመች፤ ከሥሩ ያለውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞረች። የላስታ የሚያዝያ ፀሐይ እንደሆነ ለማንም ስስት የላትም።

እሷ ቀድማ አየች። ጥርጣሬ ባይኖራትም ሲታያት ጀርባዋን ብርድ ብርድ አላት።

«አባ፣ ይምጡ። አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «በትር በትር የሚያክል ነገር አለ። እየተያያዘ የተሰለፈ። መቋሚያ ይመስላል፣ ሰማያዊ መቋሚያ።»

«ዙሪያውንስ?»

«ዙሪያውን … ቀላ ያለ ነገር ለብሷል። ሁሉም ለብሷል።»

«እሱን ነው የምፈልገው። ጋሼ፣ እርስዎም ይዩ።»

ፈንታው አልፈለገም፤ ቄስ አይተው እሱ እንቢ ማለት ግን አልሆነለትም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተጠጋ።

«ጋቢ የለበሰ ነው የሚመስለው» አለ ሳይወድ በግድ።

«በቃ፣ ጋቢ እንበለው። ይስሙኝ እንግዲህ። በሰውም በከብትም ደም ውስጥ ዘበኞች አሉ። እንግዳ ነገር ሲገባ ማንነቱን ሳይጠይቁ ይዘው የሚውጡ፣ ከእናታችን ማሕፀን ይዘናቸው የተወለድን። ስንቱን በሽታ ሳናውቀው ውጠው ይጥሉልናል። ይኼኛውን ግን ሊይዙት ሲሉ እጃቸው የሚያገኘው ጋቢውን ነው። ያንሸራትታቸዋል፤ ገላውን አግኝተው አይጨብጡትም። እሱ በመካከላቸው እያለፈ ይራባል፣ መርዙን ይረጫል። ቀዩ በሬ ትናንት ማታ ሣሩን እየበላ ነበር አይደል?»

«እያገሳ ነበር» አለ ፈንታው ቀስ ብሎ። «ምንም አልሆነም ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ወደቀ። ጋቢው ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«ጋቢውንስ ማን ሸመነለት?» አሉ ቄሱ፤ ጥያቄያቸው የምር ነው።

ውባንቺ ፊቷ በራ። ያን ሁሉ ሌሊት የተነበበ ነገር እንዲህ ዓይነት ጠያቂ ሲያገኝ ደስ ይላል። «ራሱ ነው የሚሸምነው አባ። አሸማመኑን የሚያዙ ዘረመሎች አሉት። ደግሞ የሚገርመው፣ እነዚያ ዘረመሎች ከዋናው የዘር ክሩ ጋር አይደሉም፤ ለብቻቸው በአንዲት ትንሽ ቀለበት ላይ ናቸው። ያቺን ቀለበት ያጣ ባክቴሪያ በሕይወት ይኖራል፤ ጋቢ መሸመን ግን አይችልም። ራቁቱን ነው።» ሁለተኛ መስታወት ከሳጥኗ አውጥታ በመጀመሪያው ቦታ አስገባች። «ይኼ የክትባቱ ነው። ይዩት።»

ፈንታው ሳይጠራ ተጠጋ። በትሮቹ እነዚያው ናቸው፤ ሰማያዊ፣ የተሰለፉ። በዙሪያቸው ግን ምንም የለም።

«በሕይወት ያለ ነው ስልዎት ይኼን ነበር» አለች። «ዘበኞቹ አፈፍ አድርገው ይውጡታል፤ ሲውጡት መልኩን ይለዩታል። ሌላ ቀን ባለ ጋቢው ሲመጣ ጠላታቸውን አውቀው ይጠብቁታል። አምና ቀዩ በሬ ይኼን ቢያገኝ ኖሮ …»

አልጨረሰችውም። መጨረስ አላስፈለጋትም፤ ፈንታው ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ላይ አንሥቶ ነበር። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም።

«ጉበቱ» አለ።

«የምን ጉበት ጋሼ?»

«ለእድላዊት ልኬላታለሁ። አራስ ናት፣ አትጾምም። ይዛላት የሄደችው የሺሃረግ ናት።»

ይህን ብሎ ሮጠ። ያ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ለሠርግም ለለቅሶም የማይቸኩል ሰው፣ ነጠላው ከትከሻው ወድቆ፣ ቀጤማው ከራሱ ተበትኖ፣ ቁልቁለቱን ወደ ጅረቱ ተወረወረ። ውባንቺ ተከተለችው። እድላዊት የፈንታው የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከውባንቺ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝተው ነው ያደጉት። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ገና ክርስትና አላስነሣችም። ውባንቺ እየሮጠች ሳለ በአፏ የሚመላለሰው «እመቤቴ፣ እመቤቴ» የሚል ብቻ ነው።

ቤቱ ከጅረቱ ማዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። የሺሃረግ ምድጃው አጠገብ ቆማ ድስቱን ታማስላለች። እድላዊት ሕፃኑን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላ እጇ መረቅ የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን ይዛ እፍ እፍ ትላለች።

ፈንታው ሳህኑን ከእጇ ነጠቃት። ትኩስ መረቁ እጁ ላይ ፈሰሰ፤ አልለቀቀውም።

«አባባ! ምን ሆነሃል?»

«ቀምሰሻል? ንገሪኝ፣ ቀምሰሻል?»

«ኧረ ገና ነው! ይፋጃል እኮ!»

ሽማግሌው እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ። የሺሃረግ ማማሰያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ውባንቺ ከበሩ መቃን ጋር ተደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፤ እሷም እያለቀሰች መሆኑን ያወቀችው እድላዊት «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት ነው።

«አብሽሪ» አለቻት። «አሁን ምንም አልሆንኩም። እማማ፣ ድስቱን አውርጂው፤ በባዶ እጅሽ ምንም አትንኪ። ነይ፣ በሳሙና ላስታጥብሽ።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ውባንቺ አዘዘች፣ ሰው ታዘዘ። ከውኃው ርቆ በጥልቅ ተቆፈረ። ሥጋው፣ ቆዳው፣ የተነጠፈው ቅጠል፣ ደም የጠጣው አፈር፣ ከእድላዊት ቤት የመጣው መረቅ ሳይቀር ተቃጥሎ ጉድጓድ ገባ። ኔትወርኩ ሲመለስ ደውላለት ስለነበር፣ ሰሎሞን በመኪና ኖራ፣ የክትባት ሳጥንና አንዲት ነርስ ይዞ ደረሰ። ነርሷ ሥጋውን የነኩትን ሁሉ በየተራ አይታ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠቻቸው፤ እጃቸው ላይ የማያም ቁስል ወጥቶ መሐሉ ከጠቆረ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡም አስጠነቀቀች። ጉድጓዱ ሲሞላ ከብት እንዳይግጥበት እሾህ ደረደሩበት። አራጋው ቢላዋው እሳት ውስጥ ሲገባ እያየ፣ «ከአባቴ የወረስኩት ነበር» አለ። ግን አላስቀረውም።

ሰዉ ሊበተን ሆነ። ባዶ ሳፋ፣ ባዶ ዘንቢል። ፈንታው መረቅ የፈጀውን እጁን በነጠላው ጠቅልሎ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ለሌሊቱ ዶሮ ያለው ዶሮ አለው፣ የሌለው ሽሮ አለው፤ እሱ አይደለም ያሳፈረው። የሁለት በሬ ጌታ የነበረ ሰው፣ ሰኔ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚያርስ ማሰቡ ነው።

«ቆዩ እስቲ» አሉ ቄስ ገብረ ሚካኤል። መዳፋቸውን ከፈቱ። ከታጠቡ በኋላ የዕጣ ምልክቶቹን መልሰው ይዘዋቸው ኖሯል፤ እነሱንም አጥበዋቸዋል። «ዕጣው እኮ አልወጣም። ሥጋው ጉድጓድ ገባ እንጂ ቅርጫው አልቀረም። ለሰኔ እርሻ በሬውን ከፈንታው በሬ ጋር የሚያቀናጅ ማን ይቀድማል? ምልክታችሁ እንደወጣ በየተራ ነው። የማይስማማ ካለ ምልክቱን አሁን ይውሰድ።»

አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም። ቄሱ ፊታቸውን አዙረው አንዱን አነሡ፤ የሸሚዝ ቁልፍ ነው።

«የእኔ ናት!» አለ አራጋው። «ወይ ጣጣ! ቢላዋዬ ተቃጠለ፣ በሬዬ ተወሰደ፤ በሉ ሚስቴን ጠብቁልኝ!» ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀውን ሳቅ ሳቀ። ፈንታውም ቀና አለ።

ውባንቺ ሳጥኗን ስትሰበስብ፣ «ክትባቱን ከበዓሉ በኋላ ማክሰኞ እንጀምራለን» አለች። «ሰሎሞን፣ በረዶው ይበቃል?»

«ይበቃል» አለ ሰሎሞን።

ፈንታው ወደ ጋጣው ገባ። ሲወጣ የቀረውን በሬውን፣ ዳልቻን፣ በገመድ እየሳበ ነበር። በሰዉ መሐል አሳልፎ አምጥቶ ውባንቺ ፊት አቆመው።

«ማክሰኞ አልኩ እኮ ጋሼ። በዓል ነው።»

«ጎረቤት ሁሉ ዛሬ እዚህ ነው። አምና ገደል ስገባም አይተውኛል።»

ሙቀቱን ለካችው፤ ደህና ነው። መርፌዋን ስትሞላ ፈንታው ገመዱን ለአራጋው ሊሰጥ ብሎ ተወው። መረቅ የፈጀውን እጁን ከነጠላው አውጥቶ የዳልቻን ሁለት ቀንዶች ራሱ ግጥም አድርጎ ያዘ።

«ጋቢ የሌለውን ነው አደራሽ» አላት። «በይ ውጊው።»